እስከ ሹሜሲ ያየሁት መንገድ

ጅዳ፣ ጉለይል
ኅዳር 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባዬ፣

ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ከጅቡቲ ተመልሰህ፣ ታጥበህ፣ አረፍ ብለህ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? ከመኪናው ስትወርድ የሚይዝህ ቁርጥማት ተሻለህ? ጎረቤቶች ድንኳኑን ካነሱ በኋላ ቤቱ ውስጥ ብቻህን እንዳትሆን አስባለሁ፤ እባክህ የእነ ሱረያ እናት ምግብ ስትልክልህ አልበላም አትበል። እኔ ደህና ነኝ ማለት ቢከብደኝም አልታመምኩም። ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት እየሄድኩ ነው። እህትህ እትዬ ሐረገወይን ከልቅሶው ብዛት ድምጿ ተዘግቶ በእጇ ነው የምታነጋግረን። ባሏ ጋሼ ደምሴ ሰላምታ ያቀርብልሃል። አሠሪው የሚስት ወንድም ልጅ ሩቅ ዘመድ ናት ብሎ ብዙ ቀን አልፈቀደለትም፤ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ስልክ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅከኝ። "በየትኛው መንገድ?" አልከኝ። "ማን ነበር የሚነዳው?" አልከኝ። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ አልነበረም፤ ከየት እንደምጀምር ሳስብ ዘጋኸው። መልሼ ብደውል አላነሳህም። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። የእትዬ ጓደኛ መሪማ ነገ ወደ አገር ስለምትገባ ኮምቦልቻ ድረስ ታደርስልኛለች። እሷ ነገሩን አታውቅም፤ አትጠይቃት። ቆንስላው የፈለገውን ውክልና ከመፈረምህ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። በዚያ ወረቀት ላይ ወይ የእየሩስ አስከሬን ወደ አገር ይላክ ትላለህ፣ ወይ እዚሁ ትቀበር ትላለህ። አንተ እስክትወስን እየሩስ መካ ሆስፒታል ትቆያለች።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠህ ወደ ሚሌ ስትወርድ፣ ፍየል ባየሁ ቁጥር "አባዬ፣ ያዝ! ያዝ!" እያልኩ ስጮህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? "አንተ ያየኸውን ንገረኝ፤ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው" አልከኝ። አሁንም እንደዚያ አደርጋለሁ። ያየሁትን ብቻ እነግርሃለሁ።

ከመንገዱ ልጀምር። መስከረም ላይ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን መምህር ሀብተ ማርያም አንድ ረጅም መንገድ መርጠን ታሪኩን እንድንጽፍ አዞን ነበር። ከክፍላችን ግማሹ ያንተን መንገድ፣ የጅቡቲን፣ ወሰደው። እኔ እየሩስ ስለምትመላለስበት የጅዳና የመካን መረጥኩ። ያኔ ለማርክ ነበር የሰበሰብኩት።

መንገዱ የሚነሳው ባብ መካ ከሚባለው የአሮጌው ከተማ በር ነው። ድሮ ሐጃጆች ከመርከብ ወርደው፣ በዚያ በር ወጥተው፣ በግመል ሁለት ሌሊት ይጓዙ ነበር። ፀሐዩ ስለሚገድል ቀን አይሄዱም። መሃል ላይ በሕራ የምትባል ማረፊያ አለች። ያኔ ዳስና የውሃ ጉድጓድ ነበረች፤ ዛሬ ጎማ ቤትና ጋራዥ የሞላባት ናት። አንተ ብታያት ሚሌን ትመስልሃለች። ከግመሉ በኋላ መኪና መጣ፣ እሱም አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ ሐጃጁ ወርዶ ይገፋው ነበር። ከዚያ አስፋልት ተነጠፈ። የጅዳ ሰፈሮች እስከዛሬ በዚያ መንገድ ቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ኪሎ ሁለት፣ ኪሎ አምስት፣ ኪሎ ዐሥራ አራት። ሰው የት ትኖራለህ ሲባል "ኪሎ ዐሥራ አራት" ይላል፣ መንገድ ዳር በተተከለ ድንጋይ ላይ የሚያድር ይመስል።

ይህ አሮጌው ነው። እየሩስ የሞተችው በዚህ አይደለም። የሞተችው ከእሱ ጎን በተሠራው፣ ኸጥ ሰሪዕ በሚሉት በፈጣኑ መንገድ ላይ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አራት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል። ግመል እንዳይገባ በሽቦ ታጥሯል። ዳገት የለው፣ ኩርባ የለው። ግራና ቀኝ የተቃጠለ የሚመስል ጥቁር ኮረብታ ነው። አሁን ደግሞ በጎኑ ለባቡር የሚሆን ምሰሶ እየተከሉ ነው። አንተ እንዲህ ያለውን መንገድ እንደማትወድ አውቃለሁ። "ሾፌር የሚያስተኛ መንገድ" ትላለህ። እሷም እንደዚያ ነበር የምትለው።

የመጀመሪያው ጥያቄህ መልስ ይህ ነው። ሁለተኛው ጀሚል ይባላል።

ጀሚል የወረኢሉ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። እየሩስ ተቀጥራ የምትሠራላት ማዳም መካ ዓዚዚያ ሰፈር ውስጥ ለሐጃጆች የምታከራየው ሕንፃ አላት፤ በሐጅ ወቅት እየሩስን ለማጽዳትና ለማብሰል ወደዚያ ትወስዳት ነበር። ጀሚል ለዚያ ሕንፃ ውሃና ዳቦ በቫን ያመላልሳል። የተዋወቁት እዚያ ነው፣ የዛሬ ዓመት በሐጅ ጊዜ። ክርስቲያን መካ እንደማይገባ ታውቃለህ። እሷ የምትገባው ደላላው ፓስፖርቷን ሱመያ ብሎ፣ ቪዛዋን ሙስሊም ብሎ ስላወጣላት ነው። አንተ በዚያ ስም ምክንያት ሳትመርቃት እንደወጣች፣ ከዚያም በደወለች ቁጥር ስልኩን እንደምትዘጋ እሷ ራሷ ነግራናለች። አዝና እንጂ ተቆጥታ አልነበረም። "አባዬ ነው፣ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ነው" ትል ነበር።

ጀሚልን ያየሁት የትራፊክ ፖሊስ ከለቀቀው በኋላ ቤታችን ሲመጣ ነው። ግራ እጁ በፋሻ ታስሯል። በሩ ላይ ቆሞ ግባ ቢባል አልገባም አለ። እትዬ ያኔ ድምጿ ገና አልተዘጋም ነበርና ሾፌሩ አንተ ነህ ወይ አለችው። አዎ አላት። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። ጋሼ ደምሴ ሊከፍት ሲነሳ "ተቀመጥ!" አለችው። ቆይታ እሷው ራሷ ከፈተችው፤ ጀሚል እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። "ደግሞ ወለሉ ሙቅ ነው፣ ተነስ" አለችውና ውሃ ሰጠችው። የጠጣው ቆሞ ነው።

እንዴት እንደሆነ ነገረን። ሐጅ አልቆ ማዳሟ ፈቃድ ሰጥታት ወደ እኛ እየመጣች ነበር። ጀሚል ያመጣት ነበር። አንድ ባለ ተሳቢ በቀኛቸው ይሄዳል። ሊያልፉት አጠገቡ ሲደርሱ የተሳቢው ጎማ ፈነዳ። አንተ ሁልጊዜ የምትረግመው፣ በሙቀት የሚላጠው የታደሰ ጎማ ነው። ልጡ ተገንጥሎ በእሷ በኩል ያለውን መስታወት መታው። ጀሚል ወደ ግራ ሸሸ፣ ከመሃሉ ብረት ጋር ተላተመ። ፖሊሶቹ ጥፋቱ የባለ ተሳቢው ነው ብለዋል። አምቡላንሱ የመጣው ከመካ በኩል ስለነበር፣ ወረቀቷም ሱመያ ስለሚል፣ ወደ መካ ወሰዷት። እዚያ ስትደርስ አልፋ ነበር።

ስንት ትነዳ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። አንተ ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ስለሆነ ነው። "ወላሂ ከመቶ አላለፍኩም። ማለፍ ብፈልግስ እሷ መች ታሳልፈኛለች! 'አባቴ ቢያይህ መኪናውን ቀምቶ በእግርህ ይሰድህ ነበር' ትለኛለች" አለኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ። "አባባን ጠይቅልኝ። እሳቸው ቢሆኑ መሪውን ወዴት ያዞሩት ነበር?" ይህን ከወረቀት ሁሉ በፊት መልስለት አባዬ። እኔ መሪ ይዤ አላውቅም።

ሆስፒታሉ የሚያውቃት ሰው መጥቶ እንዲያያት ፈለገ። የእትዬ፣ የጋሼ ደምሴና የእኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ክርስቲያን ይላል፤ ስለዚህ መሄድ የሚችለው ጀሚል ብቻ ነበር። እኔ መሄድ እስከሚቻልበት ድረስ ልሂድ አልኩ። እትዬ አበድክ እንዴ በሚል እጇን አወራጨች። ጋሼ ደምሴ ተዪው፣ ወንድሟ ነው አላት። ጀሚል ከጓደኛው በተዋሰው መኪና በጠዋት ወጣን። በአንድ እጁ ነው የነዳው፤ በዝግታ፣ በቀኙ ጠርዝ፣ ከኋላችን ያለው ሁሉ መብራት እያበራብን። በሕራን አለፍን። ጥቂት እንደሄድን የመሃሉ ብረት ተጣሞ አየሁት። ቦታው ያ እንደሆነ አልነገረኝም፤ ግን እሱ ወደዚያ አላየም።

ሹሜሲ የምትባለው የመካ መዳረሻ ጋ ሳይደረስ ከመንገዱ በላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። ቀጥታው ለሙስሊሞች፣ የቀኙ መታጠፊያ ለሌላው ይላል። የቀኙ ዞሮ ዞሮ መካን ሳያይ ጣይፍ ይገባል። ከሰሌዳው ቀጥሎ ወረቀት የሚታይበት ኬላ ነው። ይህን ሰሌዳ በትምህርት ቤቱ ጽሑፌ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፌው ነበር። ጀሚል ወደ ቀኝ ታጥፎ ነዳጅ ማደያ ጋ አወረደኝ። ጥላው ውስጥ ቁም፣ ወደ መንገዱ አትውጣ፣ ከማንም ጋር አትጣላ አለኝና ተመልሶ ሄደ። እንደ ታላቅ ወንድም ነበር የሚያዘኝ።

ከጠዋት እስከ ቀትር እዚያ ተቀመጥኩ። ማደያው ውስጥ ያለችው የትንሿ ሱቅ ባለቤት የመናዊ ሽማግሌ ነው። ልጄ፣ ማንን ትጠብቃለህ አለኝ። እህቴ መካ ናት፣ እኔ መግባት አልችልም አልኩት። "ሸሃዳው ሁለት ቃል ብቻ ነው'ኮ! ብለኸው እለፍ፣ ምን አስቀመጠህ?" ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎ እህትህ ምን ትሠራለች አለኝ። ሞታለች አልኩት። ሳቁን አቁሞ የሚቀመጥበትን ኩርሲ ከውስጥ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ለቆመው ሰው ሁሉ ውሃ ሲሸጥ እኔን አላስከፈለኝም።

ሀይደር የሚባል የክፍሌ ልጅ ስለዚያ ቦታ የነገረኝ ነገር ትዝ አለኝ። ነቢያቸው ከነተከታዮቻቸው መካ ሊገቡ መጥተው እዚያ አካባቢ ላይ ተከለከሉ። ተዋውለው ተመለሱ፤ በዓመቱ ገቡ። ስለዚህ እዚያ ቦታ እንዳያልፍ የተባለ የመጀመሪያው ሰው እኔ እንዳልሆንኩ አሰብኩ።

ከኬላው ወዲያ ያለውን መንገድ አላየሁትም። የምጽፍልህ ጀሚል የነገረኝን ነው። ጥቂት እንደተሄደ አስፋልቱን ተሻግሮ የቆመ፣ አትሮኑስ ላይ የተዘረጋ ቁርዓን የሚመስል ትልቅ በር አለ። መኪናው በሥሩ ያልፋል። እየሩስ የቱንም ያህል ወሬ ቢይዛት በዚያ በር ሥር ሲያልፉ ዝም ትል ነበር አለኝ። አንተ ሚሌ መንገድ ላይ፣ የማቲዎስ ኩርባ ጋ ስንደርስ ዝም በሉ እንደምትለን ማለት ነው። ከበሩ በኋላ ኮረብታዎቹ ይጠጋጋሉ፣ ከዚያ ቤት ብቻ ነው።

ሲመለስ መኪናው ውስጥ ሆኖ "እሷ ናት" አለኝ። ቀጥሎ "ፊቷ ደህና ነው" አለኝ።

አሁን ስለ ወረቀቱ። እትዬ ድምጿ ከመዘጋቱ በፊት ያለችውን መጻፍ አለብኝ፤ ጻፍ ብላኛለች። ስሟ እየሩሳሌም ነው፣ ክርስትና የተነሳችው ኮምቦልቻ ነው፣ ፍትሐት ሳይደረግላት አፈር አይነካትም ትላለች። መካ ከተቀበረች ማናችንም መቃብሯን አናይም፣ ስም የተጻፈበት ድንጋይ እንኳ አያቆሙም ትላለች። እውነቷን ነው። ወደ አገር ከመጣች ደግሞ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ድረስ አንተ ራስህ ነድተህ ታመጣታለህ። ይህንንም ሳስበው ደስ የሚል ነገር አለው፤ ባንተ መኪና መሄድ ትወድ ነበር።

ነገር ግን ያየሁትን ሁሉ ልንገርህ ብያለሁ። እትዬ እዚህ ከመጣች ጀምሮ ከሱቅ የተገዛ ሥጋ ቀምሳ አታውቅም፣ እስላም ያረደው ነው ብላ። ለበዓል ጋሼ ደምሴ ከነነፍሷ ዶሮ ፈልጎ ገዝቶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሥላሴ ስም ይባርካል። ያቺን ቀን እየሩስ አንድም ዓመት ቀርታ አታውቅም ነበር። የዘንድሮ እንቁጣጣሽ መጣች፣ ሽንኩርቱን የከተፈችው እሷ ናት፣ ስታቁላላም ስትቀልድም የዋለችው እሷ ናት። ሲቀርብ ግን ሆዴን አሞኛል ብላ ሽሮ ብቻ በላች። እትዬ የዶሮዋን ፈረሰኛ ልታጎርሳት ስትል አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ማታ ማዳሟ ቤት ስሸኛት መንገድ ላይ ሥጋ ሻዋርማ ገዛች። ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ግማሹን በላች። ሆድሽስ ስላት "ዝም በል አንተ፣ ብላ" አለችኝ። ለእትዬ እስካሁን አልነገርኳትም።

የሞተች ቀን ጠዋት ደግሞ ደውላልኝ ነበር። የምነግራችሁ ነገር ስላለ ሁላችሁም ቤት ቆዩኝ አለችኝ። አሁኑኑ ንገሪኝ ብላት "ያንተስ ቀላል ነው፣ ከባዱ አባዬ ነው" አለችኝ። በእትዬ ስልክ ልትደውልልህ ነበር። የእህትህን ቁጥር ስታይ እንደማትዘጋ ታውቃለች።

ቆንስላው ያለው እንዲህ ነው። ወደ አገር ብትልም፣ እዚህ ትቀበር ብትልም፣ ውክልናው ላይ በፓስፖርቷ ያለውን ስም መጻፍ አለብህ። እየሩሳሌም ብለህ ብትጽፍ እንዲህ የምትባል ሟች የለችም ይላሉ። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ብትሄድ ሱመያ ብለህ በእጅህ ትጽፋለህ። አዝናለሁ አባዬ። ሌላ መታጠፊያ የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቆንስላው የሰጠንን ወረቀት ጀሚል ሲያነብ ከጎኑ ነበርኩ። አባት ባይፈርም ባል ካላት ባሏ በሕግ መፈረም ይችላል ይላል። ጸሐፊው እንደዚህ ያለ ሰው አለ ወይ ብሎ ሁለታችንንም አየን። ጀሚል ወረቀቱን አጥፎ "አባቷ ይፈርማሉ። አባቷ ያሉት ይሆናል" አለ። ውጭ ስንወጣ እኔን ሳያየኝ፣ ወደ አገር ትሂድ ካሉ እኔም አብሬ ሄጄ በእጃቸው አስረክባታለሁ አለ። የመመለሻ ቪዛ እንደሌለው፣ ከወጣ እንደማይመለስ ጋሼ ደምሴ ነው የነገረኝ።

የመጨረሻውን ያስቀረሁት ስለረሳሁት አይደለም።

ከሹሜሲ ስንመለስ፣ የተጣመመው ብረት በግራችን ከመንገዱ መሃል ሲታይ፣ ጀሚል መኪናውን አቀዘቀዘ። በታሰረው እጁ መሪውን ደገፍ አድርጎ በደህናው ጥሩምባውን ነፋ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። እዚህ አገር እንደዚያ የሚነፋ የለም፤ በጎናችን የሚያልፈው የጭነት መኪና ሾፌር አንገቱን አውጥቶ አየን። ጀሚል ግን ወደፊት ብቻ ነበር የሚያየው። እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ የማቲዎስ ኩርባ እስኪያልፍ ትንፋሻችንን እንደምንይዘው፣ እኔና እሷ፣ ጋቢና ውስጥ።

ጀሚል ከወረኢሉ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የመጣው። የሚሌን መንገድ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ረዳትህ ማቲዎስ የት እንደወደቀ፣ እዚያ ስትደርስ እንዴት አድርገህ እንደምትነፋ ለውጭ ሰው ነግረህ እንደማታውቅ አውቃለሁ። እኛንም ለሰው እንዳንነግር አስምለኸናል፤ የቤታችን ነው ብለህ።

ማን ነገረህ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ያየሁት ይህ ነው። ከዚህ የቀረውን አንተ ከእኔ በላይ ታየዋለህ። ፍሬኑ አንተ ጋ ነው።

እግዚአብሔር ጎማህን ከሙቀት፣ ዓይንህን ከእንቅልፍ ይጠብቅልኝ። በወጣህበት ይመልስህ። እትዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላም በልልኝ ብላለች። ጀሚልም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ ለደብዳቤ ወግ የጻፍኩት እንዳይመስልህ፣ አሁንም ደረጃው ላይ ተቀምጦ ደብዳቤው እስኪታሸግ እየጠበቀ ነው፤ መሪማ ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። ምረቀኝ ስልህ ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ለእሷ የቀረውንም ጨምረህ ነው።

ልጅህ፣
የእየሩስ ወንድም